ሞገስ ያልተረጎመላት

የቤንዚን ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም። እኔን ግን ከተቆላ ገብስ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ መልሶ አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ያስገባኛል። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ መብራት አልነበረም፤ ከክፉዎቹ የጦርነት ዓመታት ወዲህ መብራት ሲኖር ነው የሚገርመን። ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች ጄኔሬተራቸውን ደጃፍ ላይ አስነሥተዋል፤ ከአጠገባቸው አንዲት ሴት ቆሎ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። ያ ስልክ መጠገኛ በእኛ ጊዜ የሞገስ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቆርቆሮው በብሎኬት ተተክቷል፤ ወንዱም ሴቱም ጎንበስ ብሎ ይገባበት የነበረው አጭር በር ግን እዚያው አለ። በሩን እያየሁ መንገድ መሀል መቆሜን እንኳ አላወቅሁም።

«ጋሼ ታደለ! ኧረ ጋሼ፣ ባጃጅ ይገጭዎታል እኮ!»

ዞር ስል የሻረግ ናት። የመሪጌታ ኅሩይ ልጅ፣ የቄስ አያሌው ባለቤት። በልጅነቷ አውቃታለሁ። ከተዳረች በኋላ ባሏ በሚያገለግልበት በወገል ጤና ከተማ በኩል ብዙ ዘመን ኖራ፣ ቤተሰቡ ወደ ላሊበላ ከተመለሰ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የያዘችውን ዘንቢል መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ጤናዬን፣ የልጆቼን ጤና፣ የጉልበቴን ነገር አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የአቶ ወርቁ ቤተሰብ ለልጄ ለማርታ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ልጃቸው ዲያቆን ነው። እርስዎን ከፊት ሊያደርጉ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይመጡብዎታል። እባክዎን እምቢ እንዳይሉ።»

«ደስ ብሎሽ ነው?»

«እሱን አይደለም የምልዎት፣ ጋሼ። ልጁ መጥፎ ነው አላልሁም። ማርታን ስጠይቃት ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ከኔ የወረሰችው ነው። አባቷ ደግሞ ‹ዝም ካለች ወዳለች› ብለው ጨርሰውታል።» ዘንቢሏን አነሣች። «ይሂዱና ያን ጊዜ መምህርት የጠየቁትን ይጠይቁልኝ። ያን ቀን ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ይህን ብላኝ ወደ ገበያው ወረደች። እኔም መንገዱን ለባጃጆቹ ለቅቄ ከቆሎ ሻጯ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። «ያን ጊዜ» ያለችውን ጊዜ ለማስታወስ መድከም አላስፈለገኝም። ሽታው ቀድሞኝ እዚያው ደርሶ ነበር።

በዚያ ዘመን በወረዳው የማስታወቂያና ባህል ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ካኪ ሱሪዬ በየማለዳው ይተኮስ ነበር፤ በከሰል ካውያ፣ በገዛ እጄ። ላሊበላ ያን ጊዜ ከመሸ ኩራዝና ፋኖስ ብቻ የሚታይባት ከተማ ነበረች። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ጣራ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ ጥቂት ዘፈን ዘፍኖልን ተመልሶ ይደክማል። ጎረምሳው ቴትሮን ሱሪና ሸራ ጫማ፣ ልጃገረዷ አበባ ያለበት ፖሊስተር ቀሚስና ኮንጎ ጫማ። ታዲያ አንድ ቀን የወልድያው አውቶቡስ ጣራው ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና አንድ ጄኔሬተር ጭኖ፣ ከሥር ደግሞ ሞገስን ይዞ መጣ። ሞገስ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በወታደርነት ይሁን በነጋዴነት ብዙ አገር ዞሯል፤ ራሱ ሲያወራው በየጊዜው ይለያይ ነበር። አዳራሹን በቆርቆሮ ሠራ፤ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደረደረ፤ ዋጋውንም ሃምሳ ሳንቲም አደረገ። የሕንድ ፊልም ግን አንድ ብር ነው። «ርዝመት አለው፣ ልቅሶ አለው፣ ዘፈን አለው፤ ትርጉምም አለው» ይል ነበር።

ትርጉሙ ራሱ ሞገስ ነው። ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ሕንዶቹ የሚሉትን እየተከተለ በአማርኛ ያሰማል። ሕንድኛ የት እንደተማረ ጠይቄው አውቃለሁ። «ጋሽ ታደለ፣ ፍቅር ምን ቋንቋ አለው?» አለኝ። ሕዝቡ ግን ይወደው ነበር። አባት ሲቆጣ እንደ ምክትል ወረዳ ገዥ ያንባርቃል፤ ጎረምሳው ሲያፈቅር ድምፁን ያለሰልሳል። ልጃገረዶቹ የፊልሞቹን ዘፈኖች ፍቺያቸውን ሳያውቁ በግእዝ ፊደል ጽፈው ያጠኗቸው ነበር፤ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ የሕንድ ዜማ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ሲንቆረቆር እሰማ ነበር።

ወዲያው ከቤተ ክህነት በኩል አቤቱታ መጣ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ጎረምሳ ቀነሰ፣ የቆሎ ተማሪው ሳይቀር በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል፣ ልጃገረዶች ዓይናቸውን ማንሣት ለመዱ ተባለ። ነገሩን አስጠንቼ፣ ማንኛውም ካሴት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት በየሐሙስ ከሰዓት የሚመለከት ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረግሁ። አባላቱ ሦስት ነበርን። እኔ ሰብሳቢ፤ ከካህናቱ መሪጌታ ኅሩይ፤ ከትምህርት ቤቱ መምህርት ለተብርሃን። ኮሚቴው በሥርዓት ሠርቷል፤ አንድም ሐሙስ ሳይሰበሰብ ቀርቶ አያውቅም። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

መምህርት ለተብርሃን ከአዲግራት ወገን የመጣች ካቶሊክ ናት። በከተማችን ሌላ ካቶሊክ ስለ መኖሩ አላስታውስም። ትንሽ የእንጨት መስቀል በጥቁር ክር ታስራለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ትቋጥረዋለች፤ ሰማያዊ ሹራቧን በጋም ክረምትም አትለየውም። ያደገችው በመነኮሳይያት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እነዚያ እናቶች ለልጆቹ ፊልም ያሳዩአቸው ነበር፤ ሲያልቅ መስኮት ይከፍቱና በተራ ይጠይቋቸዋል። «ፊልም የሚመዘነው በሚያሳይህ ነገር ብቻ አይደለም» አለችን በመጀመሪያው ሐሙስ፤ «ሲያልቅ ምን አስወድዶ እንዳስወጣህም ነው። ክፋትን አሳይቶ ደግነትን የሚያስወድድ አለ። ደግ ሰዎችን ብቻ አሳይቶ ክፋትን የሚያስወድድም አለ።»

መሪጌታ ኅሩይ በዚህ አይስማሙም ነበር። ታላቅ የዜማ መምህር፣ ነጭ ጥምጥማቸው የማያድፍ፣ ቀልድም የሚያውቁ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ሚዛን ዓይን በር ነው፤ በር ከተከፈተ ሌባውን መቁጠር ዋጋ የለውም። አንድ ሐሙስ የፈረንጅ ፊልም ቀረበ፤ ሁለት ተማሪዎች ይፋቀራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይጸጸታሉ። መሳሳሙ ላይ ሲደርስ መሪጌታ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አለፈ?»

«ገና ነው፣ መሪጌታ።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ነጠላውን ያውርዱት!» አለ ሞገስ። «ሳያዩ እንዴት ይፈርዳሉ?»

«ሳላይ ነው እንጂ የምፈርደው! አይቼማ ከፈረድሁ ተባባሪ ሆንሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ መምህርትም ጭምር። ያ ፊልም በአንድ ድምፅ ተከለከለ። እርሷም «መሳሳሙ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም» አለች፤ ግን ጨምራ «ፊልሙ ራሱ ኃጢአቱን ኃጢአት ብሎ ጠርቶታል፤ ይህን ያክብሩለት» አለች። መሪጌታ አላከበሩለትም።

ነገሩ የመጣው በሌላ ሐሙስ፣ በአንድ የሕንድ ፊልም ነው። ንጹሕ ፊልም ነበር። የሚሳሳም የለበትም፣ የተራቆተ የለበትም። አንድ የባለጸጋ ልጅ አንዲት ተማሪ አይቶ ይወድዳታል። ትሸሸዋለች፤ ይከተላታል። በአውቶቡስ፣ በትምህርት ቤት አጥር፣ በቤተ ጸሎታቸው ደጅ ሳይቀር እየዘፈነ ይከተላታል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ይልካል፤ አባቷ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ ልጅቷ ከአባቷ እግር ሥር ተንበርክካ፣ እንባዋ እየወረደ ብዙ ተናገረች፤ በጣም ብዙ። ሞገስ ዘንጉን ወደ እርሷ ቀስሮ «እሺ አለች» አለ። ከዚያ ሰርጉ ሆነ፤ አበባ ተበተነ፤ ሁሉም ዘፈነ።

«ይህ ነው እንግዲህ!» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸውን አንድ ጊዜም በነጠላቸው ሳይሸፍኑ ጨርሰው። «ወላጅ የተከበረበት፣ በሽማግሌ የተጠየቀበት፣ ልጅቱም ጨዋ። ሕንድ እንዲህ ደግ ሕዝብ መሆኑን አላውቅም ነበር!»

እኔም ለመፍቀድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከደንቡ የሚያስወጣው ነገር አላገኘሁም። መምህርት ለተብርሃን ግን ወደ ሞገስ ዞረች።

«ሞገስ፣ ልጅቷ አባቷ እግር ላይ ወድቃ ምን አለች?»

«እሺ።»

«ያን ሁሉ ተናግራ እሺ ብቻ?»

ሞገስ ዘንጉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲህ መምህርት፣ ሴት ስታለቅስ ምን ትላለች? ሰርጉ እየመጣ ነው፣ ሕዝቡ ሰርጉን ነው የሚጠብቀው።»

«እኔ አልስማማም» አለች ወደ እኛ ተመልሳ። «ያኛው ፊልም ኃጢአትን ኃጢአት ብሎት ነበር። ይህኛው ኃጢአቱን ሰርግ ብሎ ጠራው። ልጁ ወድዷታል? መውደድ ለሌላው ደግ መመኘት ነው። ለራስ መመኘት ረሃብ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ጋብቻውን ከመባረኩ በፊት ሁለቱን በየተራ ይጠይቃል፤ በነጻ ፈቃድህ ነው የመጣኸው? በነጻ ፈቃድሽ ነው የመጣሽው? ከአፋቸው ካልወጣ ጋብቻ የለም።»

«በእኛም ይጠየቃል» አሉ መሪጌታ፣ ሳቃቸው ቀርቶ። «ምነው መምህርት፣ እኛን አረመኔ አደረጉን እኮ! የጨዋ ልጅ ግን እንደ ገበያ ሰው አፏን አትከፍትም። ዝምታዋ ነው እሺታዋ። እናቴም ዝም ብላ ነው የተዳረችው። የልጆቼ እናትም እንዲሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በኮሚቴው የነበርነው ሁሉ እናውቀው ነበር። የመሪጌታ የመጨረሻ ልጅ የሻረግ በዚያው ሰሞን ለዲያቆን አያሌው ታጭታለች። በእኛ ዘንድ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ልጃገረድ በተክሊል ማግባት አለበት፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ስለዚህ ደግ ዲያቆን ያለው ቤተሰብ ይቸኩላል፤ ደግ ልጅ ያለው ካህንም ይከበርበታል። የሻረግ ትምህርት ዘግይታ የጀመረች በመሆኗ ዐሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ዕድሜዋ ለጋብቻ ደርሶ ነበር። ከሕግ የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ ይህን አጣርቻለሁ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። እናም መምህርት ስለ ሕንዷ ልጅ ስትናገር መሪጌታ ስለ ማን እንደሚሰሙ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲታይ፣ እንዳለቀም በሩ ተከፍቶ መምህርት ወጣቶቹን እንደ እናቶቿ ሥርዓት እንድትጠይቅ፣ መሪጌታም ተገኝተው የሚሉትን እንዲሉ ወሰንሁ። በዚያ ዘመን በእኛ ወረዳ ፊልም ታይቶ ውይይት የተደረገበት የመጀመሪያው ቀን ያ ይመስለኛል።

የገበያ ቀን ነበርና አዳራሹ ሞላ። እህል ሸጠው የመጡ የገጠር ጎረምሶች በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል፤ የተማሪ ሴቶች ከኋላ፣ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። ሞገስ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተርጉሞ አያውቅም። እንባ በሚፈስበት ቦታም እንደ ልማዱ «እሺ አለች» አለ። ሲያልቅ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን ከነአቧራው ገባ። መምህርት ለተብርሃን ተነሥታ «ይህች ልጅ ምን ያለች ይመስላችኋል?» ብላ ጠየቀች።

«እሺ አለች!» አሉ ጎረምሶቹ።

«ባትወድድማ ትጮህ ነበር» አለ አንዱ።

«እምቢታ የሴት ጌጥ ነው፤ እሱ ጎበዝ ነው አልለቀቃትም!» አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። መሪጌታ ጢማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ።

ከኋላ፣ ከበሩ በኩል፣ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ብዙ ተናግራለች እኮ። ጋሽ ሞገስ ናቸው ያልተረጎሙላት።»

ሁሉም ዞረ። የሻረግ ነበረች። ተናግራ ስትጨርስ በራሷ ድምፅ የደነገጠች ይመስል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። የታጨች የመሪጌታ ልጅ፣ በቪዲዮ ቤት፣ በወንድ መሀል፣ ድምፅ አሰምታ! ማንም አልሳቀም። ሞገስ እንኳ ዘንጉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሬት መሬት አየ። መሪጌታ ተነሡ፤ በአግዳሚዎቹ መሀል አልፈው ከፊቷ ቆሙ፤ አልተቆጧትም። «ነይ ልጄ፣ እንሂድ» አሏት። ያ ለስላሳነታቸው እስከ ዛሬ ድረስ ያስጨንቀኛል። ቢቆጡ አንዳች ነገር ትመልስላቸው ነበር ይሆናል።

ዐቢይ ጾም ገባና ቪዲዮ ቤቱ ለጾሙ ተዘጋ። በዚያ መሀል መምህርት ለተብርሃን መሪጌታ ቤት ሄዳ እንደ ነበር ሰማሁ፤ ራሷ ነገረችኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቋት አልኳቸው። ‹አባት ልጁን ምን ብሎ ይጠይቃል? እንዴት ብዬ እጀምረዋለሁ?› አሉኝ። ክፋት አይደለም አቶ ታደለ። ጥያቄውን ከማንም ሰምተውት አያውቁም።»

ሰርጉ ያማረ ነበር። የሻረግ ካባ ለብሳ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ ከዲያቆኑ ጎን ቆመች። ካህኑ እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ። እኔ ቅርብ ነበርሁ፤ ከካባው ውስጥ የወጣ ቃል አልሰማሁም። አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እልልታው ቀለጠ። መምህርት ለተብርሃን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ስወጣ «ተጠየቀች?» አለችኝ። «ተጠየቀች» አልኋት። «መለሰች?» «አንገቷን ዝቅ አደረገች።» ሰማያዊ ሹራቧን ቆልፋ «እንግዲህ እግዚአብሔር ይተርጉምላት» አለች።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሯ ተዛወረች። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር፤ እኔ በልደት፣ እርሷ በፋሲካ። በክፉዎቹ ዓመታት መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ ደወልሁ፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፅ ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም አለችኝ። አሁንም አልፎ አልፎ እደውላለሁ። ሞገስ ሞተ፤ መሪጌታም ዐረፉ። ከኮሚቴው የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የማየው ፊልም ግን የለኝም፤ ወጣቱ ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞት ይዞራል።

ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ከድንጋዩ ተነሥቼ ወደ የሻረግ ሱቅ አቀናሁ፤ ማርታ ሱቁን ትጠብቅ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት የምትጠብቅ፣ ቀልደኛ ልጅ ናት። ስልኳ ላይ አጎንብሳለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፊልም ነው አባባ። የፍቅር። ይቅርብዎ፣ ለእርስዎ አይሆንም» ብላ ሳቀች።

«እኔ እኮ በዚህ ከተማ ፊልም ሳንሱር ያደርግ የነበርሁ ሰው ነኝ፤ አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። ሁለት ወጣቶች ናቸው። ልጁ ፊኛና ሻማ በተደረደረበት ካፌ ውስጥ ይንበረከካል፤ ቀለበት ያወጣል። ዙሪያውን ጓደኞች ስልካቸውን አንሥተው ይቀርጻሉ፤ ይጮኻሉ። ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ትሸፍናለች። ጩኸቱ ይጨምራል፤ ቀለበቱ ይገባል፤ ያቅፋታል።

«አያምርም?»

«ያምራል። ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

«አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ይሆናል።»

ማርታ በጣቷ ወደ ኋላ መለሰችው። ደግመን አየነው። ልጅቷ አፏን ሸፈነች፤ ሰው ጮኸ፤ ቀለበቱ ገባ። ማርታ ሦስተኛ ጊዜ ለመመለስ ጣቷን አነሣችና ተወችው። «የለም ለካ» አለች በቀስታ። ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ከመደርደሪያው ላይ ያለውን አቧራ መጥረግ ጀመረች። ሌላ አልጠየቅኋትም።

ያን ቀን መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድሁ። መሪጌታ ዛሬ ቢኖሩ መተቃቀፉን አይተው ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ካባው በፊኛ፣ እልልታው በስልክ ተለወጠ እንጂ ልጅቷ ዛሬም ድምፅ የላትም። ዘመን ተሻሽሏል ብዬ ብዙ መድረክ ላይ የተናገርሁ ሰው ነኝ።

የአቶ ወርቁ ሰዎች መጡ፤ እሺ አልኋቸው። በተከታዩ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን ቄስ አያሌው ቤት ሄድን። አቶ መንገሻ የሚባሉ በሽምግልና ስማቸው የተጠራ ሰውና የአቶ ወርቁ ቤተሰብ የንስሐ አባት ከእኔ ጋር ነበሩ። እንደ ወጉ ከበሩ ገብተን ቆምን። ቄስ አያሌው «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ጠየቅን፤ የዲያቆኑን ጠባይና ዘር አቶ መንገሻ አሳምረው ተናገሩ። ቄስ አያሌው ልዝብ ሰው ናቸው፤ መሬት መሬት እያዩ «እንግዲህ ልጁን አውቀዋለሁ፤ ደግ ልጅ ነው። በእኔ በኩል...» ሲሉ እኔ አቋረጥኋቸው። ሽማግሌ የልጅቷን አባት ማቋረጡ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

«ቄስ አያሌው፣ መልሱን ከማርታ አፍ ልስማ።»

አቶ መንገሻ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «አቶ ታደለ! ሽማግሌ ከአባት ነው የሚጠይቀው። ምን የሚሉት ዘመን አመጡብን?»

ቄስ አያሌው አልተቆጡም። ወደ ጓዳው ዞረው «ጥሪያት» አሉ። የሻረግ ልጇን ይዛ መጣች። ማርታ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ የሱቁ ቀልደኛ ልጅ የለችም። የመጣንበትን ነገርኋት፤ «ምን ትያለሽ?» አልኋት። አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«በቃ!» አሉ አቶ መንገሻ፣ ፊታቸው በርቶ። «አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እንግዲህ እልል በሉ!»

«እልል እንዳይባል!»

የሻረግ ነበረች። ያ ቀጭን ድምፅ፤ ከበሩ በኩል፤ በዚያው ልክ። «ላሊበላን! እልል የሚል ሰው እንዳይኖር። አልተናገረችም። ትናገር።»

ማርታ እናቷን አየች፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ አባቷን። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ልጁን አላውቀውም» አለች። «ክፉ ነው አላልሁም። ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ሌላ ሰው በሌለበት፣ አባቴ ባለበት። ያን ጊዜ እመልሳለሁ። አሁን ብትጠይቁኝ የምለውን አላውቅም።»

አቶ መንገሻ «ጉድ ነው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የንስሐ አባቱ ግን «መልስ ነው እኮ፣ ደግ መልስ ነው» አሉ። እኔም መልሱን ለአቶ ወርቁ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ እንደማደርስላት ነገርኋት። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ሁሉ የታወቅሁት በዚሁ ነው።

ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ መጣ። ቄስ አያሌው ልጃቸውን ትተው ሚስታቸውን ይመለከቱ ነበር። ጢማቸው ሸብቷል፤ ዓይናቸው ግን በሰርጉ ቀን በካባ ቆሞ ያየሁት የዲያቆኑ ዓይን ነው።

«የሻረግ» አሉ፤ «አንቺንስ... አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም» አለች።

«ብትጠየቂ ኖሮስ?»

የሻረግ መለስ ብላ የበሩን መቃን ያዘች። ክፉ ባል አልነበሩም፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እርሷም ታውቃለች። «እሺ እል ነበር ይሆናል» አለች። «አላውቅም። የማላውቀው እሱን ነው።»

«አሁን ብጠይቅሽስ?»

አልመለሰችም። ነጠላዋን ግን አልሳበችም፤ አንገቷንም ዝቅ አላደረገችም። አቶ መንገሻ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በክርኔ ነካ አደረግኋቸው። ሳንቀመጥ፣ ሦስታችንም እንደ ቆምን፣ መልሷን ጠበቅን።